ሬሳ ሳይጠራን እንውጣ

ባለፈው ዓመት ከእናቶቻችን አንዷን ቀበርን። በሕመማቸው መጨረሻ የለመኑን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከባለቤታቸው ጎን እንድናሳርፋቸው። አልጋቸው አጠገብ ቆመን እሺ አልን። ባረፉ ዕለት አራት ወጣቶች ዶማና አካፋ ይዘው ቦታውን ሊያዘጋጁ ሄዱ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሸሚዛቸው ተቀዳዶ፣ ክንዳቸው በእሾህ ተጫጭሮ ተመለሱ። መቃብሩን አላገኙትም። መስኪት የሚባለው እሾሃም ዛፍ ውጦታል። ቦታውን የሚያውቁት አንድ አባት ነበሩ፤ ግን ዐይናቸው ደክሟል፤ እጃቸውን ይዞ የሚወስዳቸው ሰውም አልተነሣም። ፀሐዩ ከረረ። በዚህ ሙቀት ሬሳ አይቆይም። እናታችንን መንገድ ዳር፣ ለመቆፈር በተመቸው ቦታ ቀበርናቸውና ቃላችንን አጠፍን።

ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ጥፋቱን አንዳችን በሌላችን ላይ ስንጭን አመሸን። ታላላቆች “የዛሬ ልጆች የአባቶቻቸውን መቃብር መች ያውቃሉ” አሉ። ወጣቶቹ “ማን አሳየን?” ብለው መለሱ። ሁለቱም እውነት ነው የተናገሩት፤ ዕንቅልፍ የነሣኝም ይኸው ነው። በሱዳን፣ በኸሽም ኤል ቂርባ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ምእመናን አብረን የምንወጣው ለቀብር ብቻ ሆኗል፤ ያንንም ሽማግሌው ከሽማግሌ፣ ወጣቱ ከወጣት ጋር እየሆነ። በዓመት አንድ ቀን፣ ሬሳ ሳይጠራን፣ ከሕፃን እስከ አዛውንት በአንድ ላይ እንውጣ ብዬ እለምናችኋለሁ። ቀኑ የጉልበትም የገንዘብም ይሁን።

ከመስኪቱ ልጀምር። ይህ ዛፍ የዚህ ምድር ተወላጅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1917 ወደ ሱዳን ገብቶ፣ በኋላም አሸዋውን ይገታል ተብሎ በብዛት ተተከለ። በአዲስ ሃልፋ እርሻ ቦይ እየደፈነ፣ ማሳ እየወረረ መሄዱን እዚህ ያደገ ሁሉ በዐይኑ አይቷል። በአፋር፣ አዋሽን ተከትሎ የከብቱን ግጦሽ የወሰደውም የዚሁ ዘር ነው። ክፉነቱ ሲቆረጥ ይብሳል፤ ከአንዱ ጉቶ ብዙ ግንድ ሆኖ ይነሣል። ወጣቶቻችን ከዚህ በፊት በገጀራ የመነጠሩት ቦታ ዛሬ ከቀድሞው የጠቆረው ስለዚህ ነው። መስኪት እንዲሞት ዙሪያውን ቆፍሮ፣ ሥሩን ከአንገቱ በታች ቆርጦ ማውጣት ያስፈልጋል። ያም የሚቻለው ዝናቡ አፈሩን ባለሰለሰበት ሰሞን ነው፤ በበጋ የዚህ አገር ጥቁር አፈር ደርቆ ይሰነጣጠቃል፣ ዶማ ይመልሳል። ደግሞ ፍሬው አለ። ፍየል ጣፋጩን ፍሬ ትበላለች፤ ዘሩ በበጠጧ ወጥቶ በሄደችበት ሁሉ ይበቅላል። ማንም ሳይለቅመው የወደቀ ፍሬ የከርሞ ጫካ ነው።

እንግዲህ ሥራው ራሱ ማንን እንደሚፈልግ ተመልከቱ። ጉቶ መንቀል የጎልማሳ ክንድ ይጠይቃል። ፍሬውን በከረጢት መልቀም ግን የሰባት ዓመት ልጅ ከአባቱ የተሻለ ይሠራዋል፤ ጫማው ወፍራም ይሁን እንጂ ጎንበስ ማለት አይከብደውም። የት እንደሚቆፈር፣ ከየትኛው ግንድ ሥር የማን አጥንት እንዳለ የሚያውቁት ደግሞ ዶማ ማንሣት የማይችሉት ናቸው። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ በሃያ ዓመታቸው ከኢትዮጵያ ድንበር የተሻገሩ ሰዎች ዛሬ ስልሳን አልፈዋል። እነሱ ሲያልፉ የመቃብሩ ካርታ አብሮ ያልፋል። አንድ አዛውንት ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲናገሩ፣ አንዲት ልጅ በደብተር ብትጽፍ፦ ስም፣ የአባት ስም፣ የተወለዱበት አገር፣ ያረፉበት ዓመት። እዚህ ተወልደው ዐረብኛው ከአማርኛው የቀደመባቸው ልጆቻችን ፊደሉን የሚማሩበት ከዚህ የበለጠ ምክንያት አላውቅም። የደበዘዘውን ስም በቀለም የሚያድሱትም እነሱ ይሁኑ።

በዚህ ነገር የቀደሙን አሉ። በዚያው ዘመን በኡም ራኩባ መጠለያ ከእኛ ጋር የተራቡት ቤተ እስራኤል በየመንገዱና በየመጠለያው ወደ 4 ሺህ የሚገመት ሰው አጥተዋል። ዛሬ ኢየሩሳሌም ውስጥ በሄርጽል ተራራ መታሰቢያ አቁመው በየዓመቱ ይሰበሰባሉ፤ አያትም የልጅ ልጅም። መቃብሮቹ ሩቅ ናቸው፣ ስማቸው ግን ይነበባል። የእኛ መቃብር በእግር የሚደረስበት ሆኖ ሳለ ስሙ ጠፋ።

ጎረቤቶቻችንንም እንጥራ። ይህ አካባቢ መቃብር ትቶ መሄድን ያውቃል። የአስዋን ግድብ ውኃ ዋዲ ሃልፋን ሊውጥ ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ1964 የኑቢያ ሰዎች በባቡር ወደዚህ የመጡት ለዚሁ ተብሎ በተሠራው የኸሽም ኤል ቂርባ ግድብ እንዲያርሱ ነበር። ባቡሩ ከመነሣቱ በፊት ወደየመቃብራቸው ሄደው ሙታናቸውን እንደተሰናበቱ፣ ሰፈራውን የመሩት ሐሰን ደፋላ በመጽሐፋቸው ጽፈውታል። የእነሱን ውኃ ሸፈነው፣ የእኛን መስኪት። ያንን ያየ ጎረቤት ዶማ ይዞ ለመምጣት ረጅም ማብራሪያ የሚፈልግ አይመስለኝም። እኛ ደቦ፣ ወንፈል፣ ጅጊ የምንለውን እነሱ ነፊር ይሉታል። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከትግራይ ጦርነት የሸሹ ሰዎች ከሰቲት ወንዝ ማዶ በለበሱት ልብስ ብቻ ሲሻገሩ፣ የእርዳታ መኪና ከመድረሱ በፊት በሐምዳይት ዳቦውን ያካፈለው የመንደሩ ሰው ነበር። በሱዳን ጦርነት ከተነሣበት ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ተፈናቃዩ ሱዳናዊው ራሱ ሆኗል፤ ከካርቱም የሸሸው ሰው በየትምህርት ቤቱ ሲጠለል አይተናል። በዚያ ቀን ከምንሰበስበው ገንዘብ ለእነሱም ድርሻ ካላወጣን ጎረቤት መባላችን ያሳፍረኛል።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ከጉቶው የሚወጣው እንጨት ጥሩ ማገዶ፣ ጥሩ ከሰልም ነው። በየመንገዱ ቡናና ሻይ የሚሸጡ እህቶቻችን በየቀኑ ከሰል ይገዛሉ፤ ከመቃብራችን የወጣው በቅናሽ ይድረሳቸው፣ ሽያጩም ወደ መዋጮው ሣጥን ይግባ። ከሥራው በኋላ እንደ ልማዳችን ጨረታ ይኑር፤ አንድ መሶብ፣ አንድ ነጠላ፣ አንድ ጀበና ይበቃል። ነገር ግን አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ገንዘብ ያለው ሰው ብሩን ልኮ እንዳይቀር። በነህምያ መጽሐፍ የኢየሩሳሌም ቅጥር ሲሠራ፣ የከተማዋን እኩሌታ የሚገዛ አለቃ ከሴቶች ልጆቹ ጋር ድንጋይ ሲያነሣ፣ የቴቁሐውያን ታላላቆች ግን አንገታቸውን ለሥራው አላዋረዱም ተብሎ ተጽፎባቸዋል። ከዚያ ዝርዝር ውስጥ በየትኛው መገኘት እንደሚሻል ለራሳችሁ ትታችኋለሁ። ከዚህ የሚለዩት ወደ ገዳሪፍ ሰሊጥ አጨዳ የሄዱ ልጆቻችን ናቸው፤ ወቅቱ የእነሱ እንጀራ ነው፣ ርቀቱም አይፈቅድም። የአንድ ቀን ደመወዛቸውን ይላኩ፤ ስማቸው እንደተገኙ ይጻፍ።

ሣጥኑ ለምን ይውላል? በእኔ አሳብ መጀመሪያ ለመቃብሩ አጥር፤ ፍየል ካልተከለከለ ድካማችን ሁሉ ከንቱ ነው። ቀጥሎ ለሕያዋን፦ ሐኪም ቤት መሄጃ ላጣች እናት፣ በክፍያ ምክንያት ከትምህርት ለቀረ ልጅ፣ እንዳልኩትም ለተፈናቀሉት ጎረቤቶቻችን። ለሞተ ሰው ተዝካር ተበድረን ስናበላ፣ ሰውየው በሕይወት ሳለ ለመድኃኒቱ ያዋጣን ስንት ነን? ይህን ስል ተዝካርን መንቀፌ አይደለም። ከተዝካሩ አንድ በግ ቢቀነስ ግን ሟቹ አይቀየምም።

ቀኑ ዓርብ እንዲሆን የምለው በምክንያት ነው። እሑድ ቅዳሴ ነው፤ ቅዳሜም ሰንበት ናትና መቆፈር አይገባም። ዓርብ አገሩ ሁሉ ሥራ ይፈታል፣ ልጆችም ከትምህርት ቤት ነፃ ናቸው። ከመስቀል በኋላ ያለውን ሁለተኛ ዓርብ እንያዝ፤ አፈሩ ገና ርጥበት አለው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምረን 5 ሰዓት ላይ እናቁም፣ ሙቀቱም ሳይበረታ፣ ጎረቤቶቻችንም ለጁምዓ ስግደታቸው ሳይዘገዩ። በቀትሩ እንረፍ። ዓርብ ጾም ስለሆነ ማዕዱ 9 ሰዓት ላይ ይቀርባል፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ለልጆች ቀደም ብሎ ፉል። ጨረታውም በዚያው ሰዓት። ለአካባቢው አስተዳደር አስቀድሞ የሚያስታውቁ ሁለት ሽማግሌዎች ከአሁኑ ይመረጡ።

የምታመጡት ዶማ፣ መጥረቢያ፣ ወፍራም ጓንት፣ ከረጢት፣ የመጠጥ ውኃ ነው። ወላጆች፣ ልጆቻችሁን ቤት ጥላችሁ አትምጡ። ወጣቶች፣ በየሰፈራችሁ ከቤት የማይወጡ አንድ አባት ወይም አንዲት እናት ካሉ ወንበራቸውን ተሸክማችሁ፣ እጃቸውን ይዛችሁ አምጧቸው። ዐይናቸው የደከመው አባታችን እንደሚመጡ ነግረውኛል። የእናታችን ባለቤት በስተምሥራቅ፣ ከሁለት ትልልቅ ድንጋዮች መካከል ናቸው ብለዋል። መቆፈር የምንጀምረው ከዚያ ነው።