ማልያና ከረባት

ለብዙው ተመልካች በኳስ ሜዳ በር ላይ የሚጠየቀው ቲኬት ብቻ ነው። ያለው ይገባል፤ የሌለው ይመለሳል። ዳሩ ግን በታላላቆቹ የዓለም ስታዲየሞች፣ ይልቁንም የእኛ አገር ሰው አጥብቆ በሚከታተለው በእንግሊዝ እግር ኳስ፣ ቲኬት ብቻውን የማይበቃበት አንድ በር አለ። ይኸውም የአንደኛው ማዕረግ በር ነው። በዚህ በር የሚያልፍ ሰው ከእግሩ እስከ አንገቱ ይመረመራል። ጫማው የቆዳ ነው ወይስ የስፖርት? ሱሪው ጂንስ ነው ወይስ ሌላ? ኮት ደርቧል ወይስ አልደረበም? ከሁሉም በላይ ደግሞ የክለቡን ማልያ ለብሶ መጥቷል ወይ? በአንዳንድ ክለቦች የክብር አዳራሾች ለዚህ ለመጨረሻው ጥያቄ መልሱ «አዎን» ከሆነ፣ እንግዳው በር ላይ ይቀራል።

በቅርብ ዓመታት ብዙዎቹ ክለቦች ደንባቸውን እንዳላሉ አንክድም። ጂንስ የሚፈቅዱ አሉ፤ ማልያም የሚፈቅዱ አሉ። ይሁን እንጂ ደንቡ ፈጽሞ አልጠፋም፤ በአንድ ስታዲየም ውስጥ እንኳ በአንዱ አዳራሽ የተፈቀደው ልብስ በሌላው ሲከለከል ይታያል።

ነገሩ ምን ያህል እንደሚያስገርም አንባቢያችን ልብ ይበሉልን። ማልያውን የሸጠው ያው ክለብ ነው። የሚሸጥበትም ሱቅ ብዙውን ጊዜ ከዚያው ከስታዲየሙ ግድግዳ ሥር ነው። ክለቡ በአንዱ በር ገንዘብ ተቀብሎ የሸጠውን ልብስ በሌላው በር «ለዚህ ቦታ አይመጥንም» ብሎ ይመልሰዋል። እኛ ዛሬ ብዕራችንን ያነሣነው ስለዚህ ነው። ሐሳባችንም ባጭሩ እንዲህ ነው፤ ክለብ ከእንግዳው ንጽሕናንና ሥነ ሥርዓትን ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ነገር ግን ጨዋታው ራሱ የለበሰውን ልብስ ከክብር ቦታ ሊያባርር አይገባውም።

እግር ኳስ በእንግሊዝ አገር የሠራተኛው ሕዝብ መዝናኛ ሆኖ ያደገው በቅዳሜ ዕረፍት ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1850 የወጣው የፋብሪካ ሕግ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች የሴቶችና የወጣቶች የቅዳሜ ሥራ ከቀኑ በስምንት ሰዓት እንዲያበቃ ካዘዘ በኋላ፣ የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዕረፍት እየተለመደ መጣ። ጨዋታውም በዘጠኝ ሰዓት የሚጀመረው ለዚህ ነበር። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የተነሡትን ፎቶግራፎች የተመለከተ ሰው፣ ቆሞ የሚመለከተው ሕዝብ ኮት ለብሶና ቆብ ደፍቶ፣ አንዳንዱም ከረባት አስሮ ያያል። «ድሮ ሰው ለኳስ ይለብስ ነበር» የሚሉ ሽማግሌዎች እንግዲህ እውነት አላቸው። ግን ያን ልብስ በር ላይ ቆሞ ያዘዘ ሰው አልነበረም፤ በዚያ ዘመን ሰው ከቤቱ ሲወጣ የሚለብሰው እንደዚያ ነበርና።

የማዕረጉ ነገር እየጠነከረ የመጣው በኋላ ነው። የማንቸስተር ዩናይትድ ሜዳ የሆነው ኦልድ ትራፎርድ እ.ኤ.አ. ለ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ሲዘጋጅ በአዲሱ ሰገነት ላይ የግል ክፍሎች ተሠሩለት። ከዚያም እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 1989 በሼፊልድ ከተማ በሂልስቦሮ ሜዳ 97 ሰዎች ሕይወታቸውን ያጡበት አደጋ ደረሰ። ጉዳዩን የመረመሩት ዳኛ ሎርድ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጡት ሪፖርት ታላላቆቹ ሜዳዎች ሁሉ መቀመጫ እንዲኖራቸው አሳሰቡ። ምክሩ የሰው ሕይወት የሚያድን ነበር። ነገር ግን ሜዳዎቹ እንደ አዲስ ሲታነጹ ከመቀመጫው ጋር የምግብ አዳራሹ፣ ምንጣፉና የመስታወት ክፍሉ አብረው ገቡ፤ የቲኬቱም ዋጋ ወደ ላይ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2007 የተከፈተው አዲሱ ዌምብሌይ ከያዛቸው 90,000 መቀመጫዎች ውስጥ ወደ 17,000 የሚጠጋው ለዚሁ ለልዩ ማዕረግ የተመደበ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2000 የማንቸስተር ዩናይትድ አምበል ሮይ ኪን የሽሪምፕ ሳንድዊች እየበሉ በሜዳው የሚሆነውን የማይረዱ ተመልካቾች አሉ ብሎ በግልጽ ሲናገር፣ ነገሩ የእንግሊዝን አገር ሁሉ ያነጋገረው ቁስሉን ስለነካው ነው።

ለልብስ ደንቡ የሚቆሙ ሰዎች ሦስት ምክንያት ያቀርባሉ። ለእያንዳንዱ ተገቢውን ሚዛን እንስጠው።

አንደኛው ምክንያት የጸጥታ ነው። በባለሜዳው ክለብ ደጋፊዎች መካከል የተጋጣሚውን ማልያ ለብሶ መቀመጥ ጠብ ሊጭር ይችላል፤ ስለዚህ ይከልከል ይላሉ። ይህን እኛም እንቀበላለን። ደግሞም ይህ ደንብ በአንደኛው ማዕረግ ብቻ ሳይሆን በሌላውም የባለሜዳው ደጋፊ መቀመጫ የሚሠራ ነው። ሰውን ከሰው ሳያበላልጥ ሁሉን ስለሚጠብቅ ደግ ደንብ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የአክብሮት ነው። ሰው ለሠርግ፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለለቅሶም እንደየሥርዓቱ ይለብሳል፤ ለክብር ቦታም እንደ ክብሩ ይልበስ ይላሉ። ይህም ቀላል ክርክር አይደለም። ልብስ ለሌላው ሰው ያለንን ግምት የሚናገር ቋንቋ መሆኑን በዚህ አገር ያደገ ሰው አይስተውም። ጥያቄው ግን በኳስ ሜዳ የአክብሮት ልብስ የትኛው ነው? የሚለው ነው።

ለዚህ መልስ የሚሆነን ያው ዌምብሌይ ነው። በአሮጌው ዌምብሌይ ዋንጫ የሚቀበለው ቡድን ሠላሳ ዘጠኝ ደረጃ ወጥቶ ወደ ንጉሣውያኑ ሰገነት ይሄድ ነበር። ከሜዳው ሁሉ የከበረው ቦታ ያ ነው። ወደዚያ የሚወጣውስ ልብስ የትኛው ነበር? ላብ የጠጣውና ጭቃ የነካው ማልያ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 30 ቀን 1966 የእንግሊዝ አምበል ቦቢ ሙር የዓለም ዋንጫን ለመቀበል ወደ ንግሥት ኤልሳቤጥ ሲወጣ ንግሥቲቱ ነጭ ጓንት ማድረጋቸውን አየ፤ እጃቸውን ከመጨበጡም በፊት የራሱን እጅ ጠራረገ። ኮት አልደረበም፤ ከረባትም አላሰረም። ነገር ግን ያን ዕለት በዚያ ሰገነት ላይ ከነበሩት ባለ ከረባቶች በጨዋነት የሚበልጠው ነበር ለማለት አንደፍርም ወይ? ጨዋነት ከልብ እንጂ ከልብስ አይደለም።

የራሳችንም ታሪክ ይህንኑ ይመሰክራል። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ስታዲየም የተባበረችውን ዓረብ ሪፐብሊክ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን የተቀበለው ከንጉሠ ነገሥቱ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ነው። ከመቶ ሃያ ደቂቃ ጨዋታ በኋላ የለበሰው ማልያ ንጉሥ ፊት ለመቅረብ አላሳፈረውም። እንግዲህ ላብ የጠጣው ማልያ ንጉሥ ፊት የሚቀርብ ከሆነ፣ ታጥቦና ተተኩሶ በደጋፊው ትከሻ ላይ ሲውል ያው ማልያ ከሳንድዊች ፊት የሚከለከለው በምን ሕግ ነው?

ሦስተኛው ምክንያት የንግድ ነው፤ ምንም እንኳ ጮክ ተብሎ ባይነገር፣ ከሁሉ የሚበረታው እርሱ ይመስለናል። ብዙ ገንዘብ የከፈለ ሰው ከወንበሩ ጋር ልዩነትን ጭምር መግዛት ይፈልጋል፤ ክለቡም ይህንኑ ይሸጥለታል። እኛ ለሚመች ወንበርና ለሙቅ ምግብ የበለጠ ዋጋ መጠየቁን አንነቅፍም። በአውቶቡስም፣ በሲኒማም፣ በባቡርም የኖረ ነገር ነው። ዳሩ ግን ዋጋውን የከፈለ ሰው ዋጋውን ከፍሏል። እስቲ እናስብ፤ አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ ዓመት ሙሉ ቆጥቦ ለሽማግሌ አባቱ የልደት ስጦታ እንዲሆን ሁለት የክብር ቲኬት ይገዛል። አባትየው አርባ ዓመት የደገፈውን ክለብ ማልያ ለብሶ ይመጣል። በር ላይ ያለው ዘበኛ ይመልሰዋል። በዚያው ሰዓት የትኛው ቡድን በየትኛው ቀለም እንደሚጫወት የማያውቅ ነጋዴ በድርጅቱ ወጪ፣ በጥሩ ኮት ያልፋል። ሰው መሳይ በሸንጎ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ማን እንደተከበረና ማን እንደተዋረደ ለመለየት ዳኛ አያስፈልግም።

ከዚህም ሌላ ደንቡ ብዙ ጊዜ ግልጽ አይደለም። «ስማርት ካዥዋል» ይሉታል፤ ትርጉሙም የተስተካከለ፣ ነገር ግን ቀለል ያለ አለባበስ ማለት ነው። ቃሉ ለስላሳ ነው፤ ግን የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ የሚወስነው በር ላይ የቆመው ሰው ነው። አሮጌው ደንብ ቢያንስ በዚህ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2015 በዊምብልደን የቴኒስ ውድድር የፍጻሜ ቀን ወደ ንጉሣውያኑ ሰገነት ተጋብዞ የነበረው የመኪና እሽቅድምድም የዓለም ሻምፒዮን ሉዊስ ሃሚልተን፣ ኮትና ከረባት ስላላደረገ ሳይገባ ቀርቷል። ደንቡ ጥብቅ ነው ሊባል ይችላል፤ ነገር ግን የተጻፈ ነው፤ ለሻምፒዮንም አላደላም። ያልተጻፈ ደንብ ግን ለታወቀ ሰው ይላላል፤ ለማይታወቀው ይጠብቃል። ውድ የሆነ ቀዳዳ ጂንስ «ፋሽን» ተብሎ ያልፋል፤ ርካሽ የሆነ ንጹሕ ጂንስ «አይመጥንም» ይባላል።

ይህን ሁሉ ስለ እንግሊዞች ከጻፍን በኋላ «ለእኛ ምናችን ነው?» የሚሉን አይጠፉም። የሚያገባን በሁለት ነገር ነው።

መጀመሪያ፣ ከ60 ሺህ በላይ ተመልካች እንዲይዝ ታቅዶ ግንባታው በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው የአደይ አበባ ስታዲየም አለን። እንዲህ ያለ ሜዳ የክብር መቀመጫ ይኖረዋል፤ የክብር መቀመጫም ደንብ ይኖረዋል። ደንብ የሚያወጣ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከውጭ አገር የተጻፈውን ቃል በቃል ይገለብጣል። «ኮትና ከረባት» የሚለው ቃል ከተገለበጠ፣ ጥበብ ለብሰው ነጠላቸውን አጣፍተው የመጡ እናት፣ ነጭ ጋቢ የደረቡ አባት በገዛ አገራቸው የክብር በር ላይ ሊመለሱ ነው ማለት ነው። በእኛ ዘንድ ከዚህ የከበረ ልብስ የለም። ከረባትም ቢሆን ለሁሉ የሚገኝ ዕቃ አይደለም። ከዩኒቨርሲቲ ደጅ ትናንት የወጣን ወጣቶች ለሥራ ፈተና ስንቀርብ አንድ ከረባት ለሦስት ተዋውሰን እንዳሰርን አንረሳም፤ ከረባቱ አንድ ስለሆነ ዕውቀታችን አልተካፈለም።

ሁለተኛ፣ የእኛ ተመልካች ስለ ማዕረግ ያለውን አስተያየት ከዱሮ ጀምሮ ተናግሯል። በአዲስ አበባ ስታዲየም ክቡር ትሪቡን አለ፤ ጥላ ፎቅ አለ፤ ሚስማር ተራ አለ፤ ካታንጋ አለ። ከእነዚህም መካከል «ከማን አንሼ» የሚባል አለ። ይህን ስም የያዘ ቦታ ያለው ሕዝብ በወንበር መለያየትን ይችለዋል፤ በሰውነት መለያየትን ግን አይወድም።

በሀገራችን ሲነገር የኖረ አንድ ተረት አለ። ሰውየው አዳፋ ልብስ ለብሶ ወደ ግብዣ ቢሄድ ከበር መለሱት። ሄዶ ጥሩ ልብስ ተውሶ ቢመጣ ከፍ ካለው ቦታ አስቀመጡት። ማዕዱ በቀረበ ጊዜ እንጀራውን እየጠቀለለ ወደ እጅጌው ይከት ጀመር። «ምን ማድረግህ ነው?» ቢሉት፣ የተጋበዘው ልብሴ ስለሆነ ይብላ አለ ይባላል። የክብር አዳራሽ ደንብ የሚጽፉ ሁሉ ይህን ተረት ከጠረጴዛቸው አጠገብ ቢያኖሩት አይጎዳቸውም።

በበኩላችን የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ደንብ ካለ በቲኬቱ ላይ ከክፍያ በፊት በግልጽ ቃል ይጻፍ። ንጽሕና ይጠየቅ። በባለሜዳው ደጋፊዎች መካከል የተጋጣሚው ማልያ ይከልከል። ስድብና ስካር ከማንኛውም ወንበር፣ ከክብሩም ጭምር ያስወጣ። የሀገር ልብስ ያለ ጥያቄ ይግባ። የክለቡና የብሔራዊው ቡድን ማልያም እንዲሁ ያለ ጥያቄ ይግባ። ከዚህ ያለፈውን፣ የአንገቱንና የእግሩን ነገር፣ ለባለቤቱ እንተውለት። ሰውየው የመጣው ኳስ ሊያይ ነው፤ በር ላይ ያለውም ሥራ ሰውን መመዘን ሳይሆን ወንበሩን ማሳየት ነው።