ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው?

ልጅ ስትወልድ እናት ገንፎውን ልታገነፋ፣ አራሷን ልታርስ መሄዷ የቆየ ወጋችን ነው። ዱሮ መንገዱ ከሰፈር ሰፈር፣ ቢርቅ ከአንዱ ክፍለ ሀገር ወደ ሌላው ነበር። ዛሬ ግን የብዙ እናቶች ጉዞ ወደ ዋሽንግተን ሲሆን፣ ርቀቱም 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ቲኬቱ እንደ መጣ በቤት ውስጥ ሒሳብ ይጀመራል። ለምሳሌ አይሮፕላኑ በ22፡15 ተነሥቶ በማግሥቱ በ8፡00 ይደርሳል ይላል እንበል። በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ15 ተነሥቶ ከጧቱ 2 ሰዓት ይገባል ማለት ነው። «አሥር ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ አንድ እንቅልፍ ነው» ተብሎ ለእናት ይነገራቸዋል። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። በቲኬት ላይ የሚጻፈው የየከተማው የራሱ ሰዓት ነው። ዋሽንግተን ከመጋቢት መግቢያ እስከ ጥቅምት መገባደጃ ግድም በ7 ሰዓት፣ በቀሩት ወራት በ8 ሰዓት ከእኛ ወደ ኋላ ትላለች። ስለዚህ ጉዞው በ7 ሰዓቱ ልዩነት እንኳ ሲታሰብ 16 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነው።

መመለሻው ደግሞ ተቃራኒውን ያሳያል። ከረፋዱ 5 ሰዓት ተነሥቶ በማግሥቱ ከጧቱ 1 ሰዓት ቦሌ የሚያርፈው አይሮፕላን 20 ሰዓት የበረረ ይመስላል፤ የበረረው ግን 13 ሰዓት ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለ በመሆኑ አየሩ ስስ ነው፤ አይሮፕላኑም ለመላው መንገድ የሚበቃ ነዳጅና ሙሉ መንገደኛ ይዞ መነሣት ስለሚከብደው በመንገድ ላይ አርፎ ይቀዳል። ከፍ ብሎ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስም ሲሄድ ይገፋዋል፣ ሲመለስ ያግዘዋል።

በረራው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከሆነ ቀኑንም ይመርምሩ። «ማክሰኞ 00፡30» ማለት ሰኞ ማታ ከቤት መውጣት ነው። ማክሰኞ ማታ ሻንጣ ይዞ ቦሌ የደረሰ ሰው አይሮፕላኑ ካመለጠው አንድ ቀን ሊሞላው ነው።

ይህን ሁሉ የምንቆጥረው ስለ እናት ጤንነት ነው። የደም ግፊት ክኒናቸውን ጧት ጧት የሚውጡ ከሆነ፣ የትኛውን ጧት ይከተሉ? የስኳር መድኃኒት የሚወስዱስ? ይህ ከጉዞው በፊት ሐኪማቸው የሚመልሰው ጥያቄ ነው። መድኃኒቱም በእጅ ቦርሳ ይያዝ እንጂ በትልቁ ሻንጣ አይከተት፤ ኢንሱሊን በዕቃ ማስቀመጫው ቅዝቃዜ ሊበላሽ ይችላል።

ሌላው የእግር ነገር ነው። ለብዙ ሰዓት ሳይነሡ መቀመጥ በእግር ሥር ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላል፤ የረጋው ደም ወደ ሳንባ ከሄደ ለሕይወት ያሰጋል። እናቶቻችን ግን «ሰው አላስነሣም» ብለው ይቀመጣሉ፤ ሽንት ቤት ላለመመላለስም ውሃ ይተዋሉ። እንግዲህ ወንበራቸው በመተላለፊያው በኩል እንዲሆን አስቀድመው ይጠይቁላቸው። በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ ተነሥተው እንዲራመዱ፣ ውሃም እንዲጠጡ አጥብቀው ይንገሯቸው።

ከደረሱ በኋላ ለጥቂት ቀናት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነቅተው ቢቀመጡ ልጅቱ አትደንግጥ። አዲስ አበባ ያን ጊዜ ከረፋዱ 4 ሰዓት ነው፤ ሕፃኑም ቢሆን በዚያ ሰዓት ብዙ ጊዜ አይተኛ።