ሕመሙ የማይታይ ሠራተኛ

እግሩ የተሰበረ ሠራተኛ በክራንች እየተደገፈ ወደ መሥሪያ ቤቱ ቢመጣ፣ ዘበኛው ሮጦ በሩን ይከፍትለታል፤ ባልደረቦቹ ወንበር ይስቡለታል፤ አለቃውም «ምን አስነሣህ? አርፈህ አትተኛም ወይ?» ይለዋል። ማስረጃ አምጣ የሚለው የለም፤ ማስረጃው ጀሶው ነውና። በአንጻሩ ግን ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኑ ሳይዞር ያነጋ፣ ልቡ ያለ ምክንያት የሚደልቅ፣ ታክሲ ተራ ላይ የተሰለፈውን ሕዝብ ገና ሲያስበው ላብ የሚያጠምቀው ሠራተኛ አርፍዶ ቢገባ የሚጠብቀው የሰዓት ፊርማ መዝገብና ግልምጫ ነው። ሁለቱም ታመዋል፤ የሁለተኛው ሕመም ግን ለዓይን አይታይም።

ይህን መጽሐፍ የምታነቡ ተማሪዎች ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንዳንዶቻችሁ ሠራተኞች፣ አንዳንዶቻችሁም አለቆች ትሆናላችሁ። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ከወዲሁ አስቡበት። የአእምሮ ሕመም ያለበት ሠራተኛ፣ ሥራው በጠባዩ የሚፈቅድ ከሆነ፣ ከቤቱ ሆኖ እንዲሠራ ቢያመለክት ሊፈቀድለት ይገባልን? የእኔ አስተያየት ይገባዋል የሚል ነው። ይሁን እንጂ ወደዚህ አስተያየት የደረስሁት በቀላሉ አይደለም፤ ጥፋትም አለብኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አብሮን የሚሠራ አንድ የጽሑፍ አራሚ ነበረ። ሥራው ረቂቅ ማንበብና ስሕተት ማቃናት ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በአገራችን በታየ ጊዜ፣ የፌዴራል መንግሥት ብዙዎቹ ሠራተኞቹ ከቤታቸው ሆነው እንዲሠሩ በመጋቢት ወር ባዘዘበት ሰሞን፣ የእኛም መሥሪያ ቤት እንዲሁ አድርጎ ነበርና ይህ ሰው ቤቱ ተቀምጦ የተሰጠውን ሁሉ በቀኑ ያስረክብ ነበር። ወረርሽኙ ጋብ ብሎ ሁላችንም ከተመለስን በኋላ ግን እያደር ከሰው ይሸሽ፣ ስብሰባ ላይ እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አንድ ቀን እንዲህ ሲል አመለከተ፦ «ጤንነት ስለማይሰማኝ ለጊዜው ቤቴ እንድውል ይፈቀድልኝ ዘንድ በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ።» አለቃችን ከማመልከቻው ራስጌ ላይ «የዓመት ፈቃዱን ይጠቀም» ብሎ መራበት። በሻይ ሰዓት ነገሩ ሲነሣ «ቤት መዋልን ማን ይጠላል!» ተባለና ተሳቀ። ከሳቁት አንዱ እኔ ነበርሁ። ሰውየው ሦስት ወር ሳይሞላው ሥራውን ለቀቀ።

እስቲ ያንን ማመልከቻ እንደ ሰዋስው መምህር እንመርምረው። «ጤንነት ስለማይሰማኝ» ሲል ሕመሙን ሸፈነው። «ቤቴ እንድውል» ሲል ደግሞ ሥራውን ጨርሶ ሳይጠራው ቀረ። መዋል ማለት ሥራ መሥራት አይደለምና ያነበበው አለቃ ዕረፍት የተጠየቀ ቢመስለው አያስደንቅም። «በታላቅ ትሕትና» የሚለው የተለመደ ሐረግ ጥያቄውን የምሕረት ልመና አስመሰለው። ሰውየው ግን የፈለገው ምሕረት ሳይሆን መሥራት ነበር። በእኔ ግምት እንዲህ የጻፈው ከእፍረት የተነሣ ነው። በአገራችን «እብድ» የምትለው ቃል እንደ ዱላ ስለምትሰነዘር፣ ሰው ሕመሙን በስሙ ከመጥራት ይልቅ ሰነፍ መባልን ይመርጣል። ራስን በመግለጽ ረገድ እንኳ «የአእምሮ በሽተኛ ነኝ» በማለትና «በሕክምና ላይ እገኛለሁ» በማለት መካከል ያለውን ርቀት ልብ በሉ። በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ሕመሙ ሰውየውን ይውጠዋል፤ በሁለተኛው ሰውየው ባለቤት ነው፤ ሕክምናውም አንድ ጉዳዩ።

በዚህ ነገር ሕግ ምን ይላል? በአሜሪካ በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣውና በ2008 እ.ኤ.አ. የተሻሻለው የአካል ጉዳተኞች ሕግ፣ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉት ድርጅት ውስጥ የሚሠራን ሰው ይጠብቃል፤ ጥበቃውም ሕይወትን በብርቱ የሚያውኩ እንደ ድባቴና ከአሠቃቂ ድርጊት በኋላ የሚከተል የመንፈስ ሁከት ያሉትን ሕመሞች ይጨምራል። ሠራተኛው የሕጉን ስም መጥራት አይጠበቅበትም፤ በጤናው ምክንያት በአሠራሩ ላይ ለውጥ እንደሚያስፈልገው በተራ ቋንቋ መናገሩ ይበቃል። አሠሪውም የሐኪም ማስረጃ ሊጠይቅ ይችላል፤ ያገኘውን የሕክምና ማስረጃ ግን ከሌላው የግል ማኅደር ለይቶ በምስጢር መያዝ አለበት። ከቤት ሆኖ መሥራት ከሚፈቀዱት ማመቻቸቶች አንዱ ሲሆን፣ አሠሪው ችግሩን በእኩል የሚያቃልል ሌላ መንገድ ካለው ያንን ሊያቀርብ ይችላል፤ ዋናውን የሥራ ድርሻ እንዲቀንስም አይገደድም። በዚያ አገር የሚኖሩ ዘመዶች ያሏችሁ ተማሪዎች ይህን ብትነግሯቸው አይከፋም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ስሙ «አካል» ይበል እንጂ በትርጓሜው የአእምሮ ጉዳትንም ያቅፋል፤ አሠሪውም ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲያደርግ ይጠይቃል። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2010 እ.ኤ.አ. አጽድቃለች። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ በቤት ውስጥ ስለሚሠራ ሥራ ውል ይደነግጋል። በእርግጥ ይህ የመጨረሻው ከመነሻው በቤቱ ለመሥራት ለተዋዋለ ሰው የታሰበ ነው እንጂ፣ እንደ እኛ አራሚ ታሞ ለሚጠይቅ የቢሮ ሠራተኛ በቀጥታ መልስ አይሰጥም። ቢሆንም «ቤት የተሠራ ሥራ ሥራ አይባልም» ለሚል አለቃ በቂ ማስተባበያ ይመስለኛል።

«ለአንዱ ከተፈቀደ ሁሉም ይጠይቃል» የሚለውን ክርክር ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ለመሆኑ ክራንች የሚመኝ ጤነኛ አይታችኋልን? ይህን ክርክር ከዚህ በላይ ማስረዘም አያስፈልግም።

እጅግ የሚከብደው ሌላው ተቃውሞ ነው፤ እርሱም ከሐኪሞች ዘንድ ይመጣል። ድባቴ ሰውን ከሰው የሚለይ ሕመም ነው፤ መጋረጃ ዘግቶ መተኛትን ያስወድዳል፤ የተኛም ሰው ይብስበታል። እንዲህ ያለውን ሕመምተኛ ለወራት ቤቱ ማስቀመጥ ሕመሙን ማባበል ሊሆን ይችላል። ደግሞስ ቤት ስንል የማንን ቤት ነው? አምስት ሰው በሚኖርበት አንድ ክፍል ውስጥ፣ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር፣ የተረጋጋ መንፈስ ከየት ይመጣል? በተለይ ሴቶች እኅቶቻችን ቤት ከዋሉ፣ ሥራ ላይ መሆናቸውን የሚያምን ቤተሰብ ጥቂት ነው፤ «ቤት ካለሽማ ወጡን ጣጂልኝ፤ ልጁን ያዥልኝ» ይባላሉ፤ ጎረቤትም ቡና ጠጡ ይላል። ከአንድ መሥሪያ ቤት ወደ ሁለት መሥሪያ ቤት ተዛወሩ ማለት ነው።

ይህን ተቃውሞ እቀበለዋለሁ፤ ጥያቄውን ግን የሚያስተካክለው እንጂ የሚሽረው አይደለም። ፈቃዱ የጊዜ ገደብ ይኑረው፤ በሳምንት ጥቂት ቀን ቢሮ መገኘትን ይጨምር፤ የሐኪሙም ምክር ይጠየቅ። አስተማሪ፣ ነርስ ወይም ሾፌር ሥራውን ቤቱ ሊወስደው አይችልም፤ ለእነርሱ የፈረቃ ለውጥ፣ ጸጥ ያለ ክፍል ወይም ለሕክምና ቀጠሮ የሚሆን የግማሽ ቀን ፈቃድ ይሻላል። በአዲስ አበባ የአማኑኤል ሆስፒታል ክትትል ያለው ሠራተኛ ለቀጠሮው በየጊዜው ሰበብ እየፈጠረ ከሚወጣ፣ በግልጽ ቢፈቀድለት ለአለቃውም ይቀላል።

እንግዲህ ያ ባልደረባችን እንዲህ ብሎ ጽፎ ቢሆን ኖሮ ብዬ አስባለሁ፦

«በሕክምና ላይ እገኛለሁ። ሕመሜ በተለይ ጧት በሚጨናነቅ መጓጓዣና ሰው በበዛበት ክፍል ይጸናብኛል። ስለዚህ ከሚያዝያ 1 ቀን ጀምሮ ለሦስት ወር ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ የእርማት ሥራዬን ከቤቴ ሆኜ እንድሠራ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ግን ቢሮ እንድገኝ እንዲፈቀድልኝ እጠይቃለሁ። በየሳምንቱ የማስረክበው የገጽ ብዛት አይቀንስም። በሥራ ሰዓት በስልክ እገኛለሁ። የሐኪሜ ደብዳቤ ከዚህ ጋር ተያይዟል፤ ይዘቱ በምስጢር እንዲያዝልኝ አሳስባለሁ።»

በዚህ ውስጥ የሕመሙ ስም የለም፤ የሕይወት ታሪክም የለም። ሕመሙ ምን እንደሚከለክለው፣ ምን እንደሚፈልግና ምን እንደሚያስረክብ ግን አለ። አለቃው «አይሆንም» ለማለት ቢፈልግ እንኳ የትኛው ቀን፣ የትኛው ሥራ እንደማይሆን መናገር ይኖርበታል፤ በ2012 ዓ.ም. ይኸው ሥራ ከቤት ተሠርቶ እንደ ነበረም ያስታውሳል።

ሰውየው እንዲህ አልጻፈም፤ ያስተማረውም አልነበረም። እኔ ራሴ በአስተማሪነት ዘመኔ የማመልከቻ አጻጻፍን ሳስተምር ለተማሪዎቼ የሰጠኋቸው ምሳሌዎች ስለ ቅጥር፣ ስለ ዝውውርና ስለ ደመወዝ ጭማሪ ነበሩ። ስለ ሕመም የሚናገር አንድም አልነበረባቸውም።