«ከእናት ወደ ልጅ»፦ የአንዲት ሐረግ ክስ

በየጤና ጣቢያው የምትነገር፣ በየስብሰባው የምትደጋገም አንዲት ሐረግ አለች፤ «ኤች.አይ.ቪ. ከእናት ወደ ልጅ መተላለፍ»። የቋንቋ ተማሪ ነን ካልን እስቲ እንመርምራት። ሰጪዋ ማን ናት? እናት። ተቀባዩስ? ልጅ። አባትየው የት ገባ? የለም። የግማሽ ቀን የእግር መንገዱስ? መድኃኒት ያለቀበት ጤና ጣቢያስ? እነሱም የሉም። ሐረጓ ለሐኪም ሥራ ትበጅ ይሆናል፤ ወደ ሰፈርና ወደ ቤት ስትገባ ግን የክስ ወረቀት ሆና ቁጭ ትላለች። ተከሳሿም አንዲት ሴት ብቻ!

እውነቱ ሌላ ነው። ቫይረሱ ወደ ልጁ የሚደርሰው በእርግዝና፣ በምጥና በጡት ነው። ምንም ሳይደረግ ከቀረ፣ ቫይረሱ በደማቸው ካለ እናቶች ከሚወለዱ 100 ልጆች ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት ይያዛሉ። እናትየዋ መድኃኒቷን በጊዜ ጀምራ ሳታቋርጥ ከወሰደች ግን ቁጥሩ ከ5 በታች ይወርዳል። ኪኒኑ በደሟ ያለውን ቫይረስ በጣም ስለሚያሳንሰው ልጁ ዘንድ የሚደርሰውም በዚያው ልክ ያንሳል። ሕፃኑም እንደተወለደ ለሳምንታት የሚከላከልለት ሽሮፕ ይሰጠዋል።

ይህ የትናንት ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካና በፈረንሳይ የተደረገ ጥናት ዚዶቩዲን የተባለው መድኃኒት መተላለፉን በሁለት ሦስተኛ ገደማ እንደሚቀንስ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ ኔቪራፒንን አንድ ጊዜ ለእናት፣ አንድ ጊዜ ለልጅ መስጠት ብዙ ሕፃናትን እንደሚያድን ከኡጋንዳ ተሰማ። በአገራችን መድኃኒቱ በነፃ መታደል የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህም ቫይረሱ የተገኘባት ነፍሰ ጡር ሁሉ ሌላ መለኪያ ሳይጠበቅ ለዕድሜ ልክ እንድትጀምር ተደርጓል። ኩባ እ.ኤ.አ. በ2015 ይህን መተላለፍ ማጥፋቷን የዓለም ጤና ድርጅት መስክሮላታል። ታዲያ ዛሬ አንድ ሕፃን ቫይረሱን ይዞ ሲወለድ «የእናቱ ኃጢአት ነው» የሚለውን ሰው ምን እንበለው?

ወደ ጋይንት እንሂድ። የአብነት ትምህርት የሚያውቅ ሁሉ ቤተ ልሔምን ያውቃል። የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ድጓን የትም ይማር የት፣ ቤተ ልሔም ደርሶ ያስመሰከረ ሰው ክብሩ ሌላ ነው። እዚያ አንዲት ምልክት ብትዘለል በዝምታ አትታለፍም። ሕፃን የማዳኑም ሥራ እንደዚሁ ተርታ አለው፤ ምርመራ፣ መድኃኒት፣ የቫይረስ መጠን ልኬት፣ በጤና ተቋም መውለድ፣ ሽሮፕ፣ በ6 ሳምንት የሕፃኑ የደም ምርመራ፣ በመጨረሻም በ18 ወሩ ማረጋገጫ። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? ለድጓው መምህር አለ፣ ወንበር አለ፣ ጉባኤ አለ። ይህን ተርታ ግን አንዲት ሴት ብቻዋን እንድትሸከመው ተፈርዶባታል። ያውም ለቆሎ ተማሪው ቁራሽ የምትሰጠዋ ሴት! ስለ ቤተ ልሔም ዜማ ግጥም ሲደረደር እሷን የሚያነሣት የለም።

እንግዲህ ከባልየው እንጀምር። ለእርግዝና ክትትል የምትሄደው እሷ ስለሆነች ቀድማ የምትመረመረው እሷ ናት። ቀድሞ ያወቀ ደግሞ ቀድሞ እንዳመጣ ይቆጠራል! ባልየው የጤና ጣቢያ ደጃፍ ሳይረግጥ ዳኛ ሆኖ ይቀመጣል። ኪኒኗን እህል ውስጥ ደብቃ የምትውጥ ሴት ቤቱ እንግዳ በበዛበት ቀን ሳትውጥ ታድራለች። ያን ቀን ልጁን የጎዳው ማን ነው? እናቱ ናት ወይስ ሐሜታችን?

«ባህላችን ነው ጠላቱ» የሚሉም አሉ። እኔ አልስማማም። ለአራስ ልጅ ቅቤ ማላሱ ይቅር፤ እስከ 6 ወር የሚታዘዘው የእናት ጡት ብቻ ነው፤ እናትየዋም መድኃኒቷን እየወሰደች ማጥባት ትችላለች። ጠበልም ቢሆን ከኪኒኑ አያጣላም፤ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ ተናግረው ነበር። ክርስትናንስ ለምን አንጠቀምበትም? ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ይነሣል፤ 6 ሳምንት ማለት ደግሞ 42 ቀን ነው። የነፍስ አባቱ «ልጁን ጤና ጣቢያ አሳያችሁት ወይ?» ብለው ቢጠይቁ ምን ይጎድልባቸዋል? በ6 ሳምንት ማንኛውም ሕፃን ክትባት ስላለው ጥያቄው ማንንም አያጋልጥም። የሴት ልጅ ክርስትና በ80 ቀን ስለሆነ ለእሷ ቀደም ብሎ መጠየቅ ነው።

«እሷ ናታ ጤና ጣቢያ ያልሄደችው!» ለሚሉን ደግሞ መልስ አለን። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ100 ወሊድ በጤና ተቋም የተፈጸመው 26 ብቻ ነበር፤ በ2019 ወደ 48 ደረሰ። ይህ ሁሉ እናት ሰነፍ ነው እንበል? ከስማዳ ቆላ እስከ ወገዳ፣ ከታች ጋይንት ገደል እስከ አርብ ገበያ በምጥ ላይ ሆኖ መውጣት ምን እንደሆነ በከተማ ታክሲ የለመደ ሰው አይገባውም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ነፋስ መውጫ በሕወሓት ኃይሎች እጅ በነበረችበት ጊዜ ሴቶች መደፈራቸውን፣ ሆስፒታሉም መዘረፉን አምነስቲ ኢንተርናሽናል መዝግቧል። ተደፍራ መድኃኒት የምትሻው ሴት የምትሮጥበት ቤት ራሱ ባዶ ሆነ ማለት ነው! ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ የተቀሰቀሰው ውጊያ ደግሞ መንገዱን ደጋግሞ ዘጋው። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያግድ በዚያ ገንዘብ ይሠሩ የነበሩ የጤና ሠራተኞች ተሰናበቱ። ይህን ሁሉ «ከእናት» በምትል አንዲት ቃል ልንሸፍነው ነው?

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ባል ከሚስቱ ጋር ይመርመር። መንገድ ከመዘጋቱ በፊት ለወራት የሚበቃ ኪኒን በእጇ ይሰጣት። የመድኃኒቱ በጀት በሰው አገር ምርጫና ቁጣ ላይ አይንጠልጠል። ተዋጊዎች ሁሉ፣ ማንም ይሁኑ ማን፣ ከጤና ጣቢያና ከአምቡላንስ ላይ እጃቸውን ያንሡ። ሐረጓም ትለወጥ፤ ቢያንስ «ከወላጅ ወደ ልጅ» እንበል፣ አባትየውም ስሙ ይጠራ።

ክረምት ሲገባ ወደየአገራችሁ ትበተናላችሁ። ከዚያ በፊት ግን እናንተ ወንዶች ሄዳችሁ ተመርመሩ። ነገ በዚያች ሐረግ ውስጥ ስማችሁ የሚታጣው አባቶች እናንተ ናችሁና።