ስምንቱ ቀጠሮ እና የጀልዱዋ እናት

የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. የእርግዝና ክትትልን ከ4 ጊዜ ወደ 8 ከፍ አድርጓል፤ የመጀመሪያው እስከ 12ኛው ሳምንት፣ አንድ አልትራሳውንድ ደግሞ ከ24ኛው ሳምንት በፊት። አገራችንም 8ቱን ተቀብላለች። በሕክምናው አልከራከርም፤ የደም ግፊት ሳይባባስ የሚያዘው ቶሎ ቶሎ ሲለካ ነው።

ግን በአቅራቢያዋ አልትራሳውንድ አጥታ ከጀልዱ ገጠር አምቦ ድረስ ለምትመጣ እናት የመኪናውን ማን ይከፍላል? ልጆቿንስ ማን ይይዝላታል?

የጤና ሥርዓት መመሪያ ጥሩ መሆኑን ለመመዘን በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ አግሪ-ኤችኤስ የሚባል መለኪያ አለ። ርዕሱን፣ የተሳተፉትን ሰዎች፣ የተዘጋጀበትን ዘዴ፣ ምክሩንና በተግባር ሊውል መቻሉን ያያል። እኛ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ምክሩን ብቻ አንብበን እንዘጋዋለን። ለእኔ ግን የሚበልጠው ማን እንደተሳተፈና ሊተገበር መቻሉ ነው። እንደዚህች ያለች እናት የተጠየቀችበት መመሪያ የመኪናውን ነገር አይዘልም።

እናቶች፣ ቀጠሮ ሲሰጣችሁ መምጣት የሚከብዳችሁ ከሆነ ምክንያቱን እዚያው ንገሩን፤ ዝም ብላችሁ አትቅሩ። ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም ደም መፍሰስ ካለ ደግሞ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።