የተተከለ ጥርስም መፋቂያ ይፈልጋል

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ያደገ ሰው የጥርስን ዋጋ ከማንም አስቀድሞ ያውቃል። የገብስ ቆሎ ቆርጥሞ መንገድ የሚሄድ፣ ሥራ የሚውል ሁሉ ስንቁን የሚያምነው በጥርሱ ነው። በዛሬው ጊዜ ግን አንዳንድ ተማሪዎችና ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች «ገንዘብ ካለ ጥርስ ይገዛል» ሲሉ ይሰማል። ይህ አባባል ግማሹ እውነት ቢሆንም ግማሹ አሳሳች ስለ ሆነ፣ ነገሩን ከሥሩ መመልከት ይገባል።

እንደሚታወቀው በአዲስ አበባ ባሉ የጥርስ ሕክምና ቤቶች በወለቀ ጥርስ ምትክ ሌላ ይተከላል። ይኸውም ቲታኒየም ከሚባል ብረት የተሠራ ትንሽ ብሎን በመንጋጋ አጥንት ውስጥ ይገባና፣ አጥንቱ አጥብቆ ከያዘው በኋላ በላዩ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይደረግበታል። የዚህ ጥበብ ጀማሪ የስዊድን አገሩ ሊቅ ፔር ኢንግቫር ብሮኔማርክ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. ገደማ በጥንቸል አጥንት ላይ ሲመራመር ቲታኒየም ከሕያው አጥንት ጋር እንደሚዋሐድ ተገነዘበ፤ በ1965 ዓ.ም. ደግሞ በጎተንበርግ ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ተከለ።

ከዚህ በኋላ የተነሣው ጥያቄ የብሎኑ ገጽ ሻካራ ይሁን ወይስ ልስልስ የሚል ነው። ነገሩን ለመረዳት የእናቶቻችንን ወፍጮ ማሰብ ይበቃል። ወፍጮ ሲለሰልስ እህሉ ስለሚንሸራተትበት ይወቀራል። የተወቀረ ወፍጮ እህሉን ጨብጦ ይይዛል፤ ነገር ግን ዱቄቱም በየስርጉዱ ይሸሸጋልና በሚገባ መጠረግ ያስፈልገዋል። ሐኪሞቹም በአሸዋ እየመቱና በአሲድ እያስበሉ ብሎኑን ያሻከሩት አጥንት ይበልጥ አጥብቆ እንዲይዘው ብለው ነው፤ ደግሞም ይዞታል። ዳሩ ግን አጥንት የሚወደውን ሻካራ ባክቴሪያም ይወደዋል።

ጥርስም ሆነ ብረት በአፍ ውስጥ በገባ በደቂቃዎች ጊዜ ከምራቅ የሚገኝ ስስ ሽፋን ይለብሳል፤ ባክቴሪያዎችም በዚያ ላይ ያርፋሉ። በልስልስ ገጽ ላይ ያረፈውን ምላስ፣ ጉንጭና ምራቅ እያሹ ያነሡታል። በስርጉድ የገባው ግን በገደል ሥር ከነፋስ እንደ ተጠለለ በግ ሳይነካ ይራባል። አንድ ሚሊ ሜትር ከ1000 ቦታ ቢከፈል አንዱ ክፍል ማይክሮን ይባላል፤ ብዙዎቹ የአፍ ባክቴሪያዎችም ስፋታቸው ወደ 1 ማይክሮን ይጠጋል። ምርመራዎች እንዳሳዩት የገጹ ሻካራነት ከ0.2 ማይክሮን በላይ ባለፈ መጠን የሚጣበቀው ባክቴሪያ ይበዛል፤ ከዚያ በታች ይበልጥ ማለስለስ ግን የሚጨምረው ጥቅም እምብዛም ነው። ስለዚህ በዛሬው ጊዜ የሚሠሩት ብዙዎቹ ብሎኖች በአጥንት ውስጥ የሚቀረው ክፍላቸው ከ1 እስከ 2 ማይክሮን ያህል ሻካራ ሲሆን፣ በድድ በኩል የሚያልፈው ክፍል ልስልስ ይደረጋል።

እንግዲህ አደጋው ከዚህ ላይ ነው። ቲታኒየም እንደ ጥርስ አይቦረቦርም፤ የሚይዙት ድድና አጥንት ግን ይታመማሉ። ባለቤቱ ሳያጸዳው ቀርቶ ድዱ ቢቈስልና አጥንቱ ቢሸሽ፣ በአጥንት ውስጥ ተሸሽጎ የነበረው ሻካራ ክፍል ይገለጣል። ባክቴሪያው አንድ ጊዜ ከሰፈረበት በኋላ ማጽዳቱ እጅግ አስቸጋሪ ነው። በመጨረሻም ብዙ ገንዘብ የወጣበት ጥርስ ሳይሰበር ይነቃነቃል። ሲጋራ ለሚያጨስና የስኳር በሽታው ላልታከመ ሰው ደግሞ ሥጋቱ የበለጠ ነው።

ይህ ሕግ ለተፈጥሮ ጥርስም ይሠራል። የጥርስ ገጽ በተፈጥሮው ልስልስ ነው፤ በላዩ የሚቀረው ቆሻሻ ግን ውሎ አድሮ ወደ ድንጋይነት ይለወጣል፤ ድንጋዩም ሻካራ ስለ ሆነ ሌላ ቆሻሻ ይስባል። የጠላ ጋን በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል እንጂ አንድ ጊዜ ታጥቧልና ይበቃዋል አይባልም። የወይራ መፋቂያም እንዲሁ በየቀኑ በውስጥም በውጭም ሲሠራበት ነው ጥቅሙ። በመርፌ ወይም በወስፌ ጥርስን መጎርጎር፣ በአሸዋና በከሰል መፈተግ ግን ጥርሱንም ብረቱንም እየጫረ ለባክቴሪያ አዲስ ቤት መሥራት ስለ ሆነ ሊቀር ይገባዋል።

ከመሐል ሜዳ እስከ አዲስ አበባ ወደ 280 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በጎቹን ሸጦ ወይም ከደመወዙ ቈጥቦ ጥርስ አስተክሎ ወደ ሥራ ቦታው የሚመለስ ወጣት፣ ድዱ በደማ ቍጥር ይህን መንገድ ሊመላለስ አይችልም። ስለዚህ ከዋጋው አስቀድሞ ሐኪሙን «አጸዳዱ እንዴት ነው? በየስንት ጊዜው እመረመራለሁ? ወደ አገሬ ስመለስስ የሚያየኝ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቅ። አጥጋቢ መልስ ካላገኘ ቢታገሥ ይሻለዋል።

«ይህ የከተማ ሰው ጉዳይ ነው፤ ለገበሬው ምን ይጠቅመዋል?» የሚል አይታጣም። ለገበሬው የሚጠቅመውማ ጥርሱ ሳይወልቅ መጠበቁ ነው። በየወረዳው በጤና ሥራ ላይ ያላችሁ ወጣቶች፣ በመሐል ሜዳም ሆነ በራቤልና በዓለም ከተማ የጥርስ ድንጋይ የሚያነሣ ባለሙያና መሣሪያ እንዳይጓደል መጣር ከሁሉ የሚቀድም ሥራችሁ ነው። የትምህርት ቤት መምህራንም ለሕፃናቱ የጥርስ አፋፋቅ ቢያስተምሩ ወጪው አንዲት የወይራ ዘንግ ብቻ ነው። ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ የተባለው ለባለ ገንዘቡም ለድኻውም እኩል ነው።