ዛፉን በስሙ የማይጠራ ገጣሚ

በየኪነ ጥበብ ምሽታችን የሚነበቡትን ግጥሞች የሰማ እንግዳ፥ ጉና ዛሬም ጥቅጥቅ ያለ ደን የለበሰ፥ ርብና ጉማራም ክረምት ከበጋ ጠርተው የሚወርዱ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አለመሆኑን በደብረ ታቦር የምንማር ሁሉ እናውቃለን። ወንዞቹ በክረምት አፈሩን ጠርገው ወደ ፎገራ ሜዳና ወደ ጣና ያወርዳሉ፤ በማሳው ዳርም ዓይን የሚያርፈው ባመዛኙ በባሕር ዛፍ ላይ ነው። ታዲያ ግጥማችን ስለ የትኛው አገር ነው?

ምስጋናን አንነቅፍም። የምንነቅፈው ሳያዩ ማመስገንን ነው።

የአዲስ አበባዎቹ ጥበበኞች አያያዛቸው ሌላ ነው። ኤልያስ ስሜ ከመርካቶ የሚገዙትን የተጣለ ሽቦና የኮምፒዩተር ስብርባሪ ጎንጉነው፥ በጣውላ ላይ ቸንክረው ትልልቅ ሥዕል ያደርጉታል። ከመስከረም አሰግድ ጋር በ2019 እ.ኤ.አ. የከፈቱት ዞማ ቤተ መዘክርም የቆመው በጭቃና በጭድ፥ የባላገሩ ግንበኛ በሚያውቀው ዘዴ ነው። አይዳ ሙሉነህም በ2018 እ.ኤ.አ. ሴቶች ውኃ ፍለጋ የሚያዩትን ድካም በፎቶግራፍ ለማሳየት ዳሎል ድረስ ወርደዋል።

የእኛው አገር ምሳሌ ግን ይበልጥብናል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተው፥ በ2007 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት የዶክትሬት ጽሑፍ 168 ዓይነት ዛፍ፥ ቁጥቋጦና ሐረግ መዝግበዋል። «እመጓ»ን የጻፉልን ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ቆጠሩ፤ ኋላ ጻፉ። ከእኛ ገጣሚዎች መካከል ከጽድ፥ ከወይራና ከዋንዛ አልፎ አሥር የሚጠራ አለን?

«ኪነ ጥበብ የደን መዝገብ አይደለም» የሚሉን ጓደኞች አሉ። እውነት ነው። ነገር ግን ስሙን ያላወቅነው ዛፍ ሲቆረጥ ምን ጎደለ ብለን እንጽፋለን?

በዚሁ አገር ምእመናኑ ከማሳቸው ድንጋይ ለቅመው በአንዳንድ ደኖች ዙሪያ ካብ ክበዋል። ማሳው ከድንጋይ ጸዳ፤ ከብትም ችግኙን ከመርገጥ ታገደ። ሠዓሊ ያልነካው ይህ ካብ፥ በአካባቢ ቀን በየግድግዳው ከምንለጥፈው፥ ሁለት እጆች ሉል ከታቀፉበት ሥዕል ይልቅ ለዞማ ግድግዳ የሚቀርብ ይመስለናል።

ስለዚህ ለማኅበሩ የኪነ ጥበብ ክፍል አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ከሚመጣው ምሽት አስቀድሞ አንድ ቅዳሜ፥ የደብሩን አስተዳዳሪ አስፈቅደን፥ ካህናቱና ሽማግሌዎቹ እየመሩን ደኑን እንዙር፤ ደብተርና የቀለም እርሳስ ይያዝ። በምሽቱ የሚቀርበው ግጥምም ሥዕልም በዚያ ቀን ስሙ ከተነገረን ከአንድ ዛፍ ይነሣ። ከመድረኩ በስተኋላ የሚሰቀለውን የሉል ሥዕል ግን፥ እባካችሁ፥ ለአንድ ጊዜ እንኳ እንተወው።